መጽሐፉ ያልሳለው ክንድ

አክስቴ ባለፈው ዓመት ከቢቸና ወደ ባሕር ዳር ለዓይን ሕክምና በመጡ ጊዜ፣ ወጣቷ ነርስ የልብ ትርታቸውን ልትቆጥር ሦስት ጣቶቿን በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ በአውራ ጣት በኩል አሳረፈች። ጣቶቿን አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ አደረገች፤ ጥቂት ወደ ላይ፣ ጥቂት ወደ ታች ወሰደቻቸው፤ ትርታው የለም። አክስቴ ቀና ብለው «ምነው ልጄ፣ ልቤ ቆማ ነው?» ሲሉ ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ። ነርሷ ግን «ኧረ ደህና ነዎት እማማ፣ ትርታዎ ተደብቆብኝ ነው» ብላ እጃቸውን ገለበጠችና ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ በእጁ ጀርባ በኩል፣ ከቆዳው ሥር ሲዘል በዓይን የሚታይ ደም ስር አገኘች። ራዲያል የሚባለው ደም ቅዳ (ደምን ከልብ የሚያመጣ ደም ስር) በአብዛኛው ሰው ከአንጓው ፊት ለፊት ወርዶ ወደ እጅ ጀርባ የሚዞረው በአውራ ጣት ጅማቶች ሥር ተሹለክልኮ ነው። የአክስቴ ግን ከአንጓው በላይ ቀድሞ ዞሮ ጅማቶቹን ከላይ ተሻግሯል።

ይህ ክንድ በሽታ የለበትም። ለስልሳ ዓመት ያህል እንጀራ ሲጋግርና ጥጥ ሲፈትል የኖረ ጤነኛ ክንድ ነው። የሕክምና ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ከሚያጠናው ሥዕል ጋር ግን አይገጥምም። የሰውነት አወቃቀር ትምህርት ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ አዘውትረው የሚጠይቁኝም ይህንኑ ነው፦ «መምህር፣ ይህ እኮ መጽሐፉ ላይ የለም፤ ስህተት ነው?» ነገሩ የሚያሳስበኝ ጠያቂው ነገ ነርስ፣ ሰመመን ሰጪ ወይም ቀዶ ሐኪም ሆኖ መርፌና ቢላዋ በሚይዝበት ጊዜ፣ ሥዕሉን አምኖ ክንዱን እንዳይጠራጠር ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ስጋቱ ከፍ ይላል፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

በመጽሐፉ መሠረት ከክርን እስከ አንጓ ባለው የክንድ ክፍል በፊት በኩል 8፣ በጀርባ በኩል 12 ጡንቻዎች አሉ። ከላይኛው ክንድ የሚወርደው ብራኪያል ደም ቅዳ ከክርን መታጠፊያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ራዲያል በአውራ ጣት በኩል፣ አልናር በትንሿ ጣት በኩል ወርደው መዳፍ ውስጥ እንደ ቀስት ተጠማዝዘው ይገናኛሉ። ይህ ሥዕል ሐሰት አይደለም። ከብዙ ክንዶች ተደጋግሞ የታየው ተመርጦ የተሳለ ነው። ሸማ በክንድ ሲሸጥ ያየ ሰው ገዢ ሁልጊዜ ረጅሙን ሰው «አንተ ለካልኝ» እንደሚል ያውቃል፤ የክንድ ርዝመት ከሰው ሰው እንደሚለያይ ማንም አይከራከርም። ከቆዳ በታች ያለውም እንዲሁ እንደሚለያይ ግን ጥቂቶች ብቻ ያስባሉ።

ከሁሉ ቀላሉ ምሳሌ ፓልማሪስ ሎንገስ የሚባለው ጡንቻ ነው። ከክርኑ ውስጠኛ ጎን ተነሥቶ፣ ቀጭን ረጅም ጅማት ሆኖ በአንጓው መሃል አልፎ ከመዳፍ ቆዳ ሥር ካለው ጠንካራ ሽፋን ጋር ይያያዛል። እንዳለዎት ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፤ መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው አውራ ጣትዎንና ትንሿን ጣት ያገናኙ፣ ከዚያም አንጓዎን ወደ እርስዎ በትንሹ ያጥፉ። በአንጓው መሃል እንደ ክራር አውታር ተወጥሮ ብቅ ያለ ጅማት ካዩ አለዎት። ካላዩ ሌላውን እጅ ይሞክሩ፤ በአንዱ ኖሮ በሌላው መጥፋቱ የተለመደ ነው።

የአውሮፓና የአሜሪካ መጻሕፍት ይህ ጡንቻ ከ100 ሰዎች በ15ቱ ገደማ የለም ይላሉ፤ ቁጥሩም ለዓለም ሁሉ እንደሚሠራ ተደርጎ ሲጠቀስ ኖሯል። በሲንጋፖር ቻይናውያን ላይ የተደረገ ቆጠራ ግን ወደ 5 በመቶ ዝቅ አድርጎታል፤ በኡጋንዳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናትም 4.4 በመቶ ነው ያገኘው። በተቃራኒው በቱርክ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ ጥናት ከ60 በመቶ በላይ ብሏል፤ በዚያው አገር የተደረጉ ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ቁጥር አውጥተዋል። እንዲህ ያለ ርቀት ሲታይ ግማሹ የሕዝብ ልዩነት፣ ግማሹ የአቆጣጠር ልዩነት መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። ጅማቱ ቀጭን ከሆነ ወይም አንጓው በስብ ከተሸፈነ በዓይን የማያየው መርማሪ «የለም» ብሎ ይመዘግባል፤ ቆዳ ገልጦ የሚያይ ሰው ግን ያገኘዋል። ሁለቱን ቆጠራዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ጤፍን በቁና፣ ስንዴን በኪሎ ሰፍሮ የትኛው በለጠ እንደማለት ነው።

በማኅበራዊ ሚዲያ በየጊዜው የሚዞር ቪዲዮም አለ፦ ጅማቱ የሌላቸው ሰዎች «ይበልጥ የተሻሻሉ» ናቸው፣ ያላቸው ደግሞ የዝንጀሮ ቅሪት ይዘው የሚዞሩ ናቸው የሚል። አነጋገሩ ይጥማል፤ አመክንዮው ግን አይቆምም። ከዛፍ ዛፍ እየተንጠለጠለ የሚኖረው ኦራንጉታን ጡንቻውን እንደያዘ ነው፤ ጎሪላ ደግሞ ብዙ ጊዜ የለውም፤ በቺምፓንዚም አንዳንዴ ይጠፋል። ጡንቻው በመጥፋቱ ሰው የሚሻሻል ቢሆን ኖሮ ጎሪላው ከብዙዎቻችን በቀደመ ነበር። በመጨበጥ ኃይልም ረገድ ያላቸውንና የሌላቸውን ያወዳደሩ ጥናቶች ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም።

ለሐኪሙ ግን ልዩነቱ ቀልድ አይደለም። ጅማቱ ቢወሰድ እጁ የሚያጣው ነገር ስለሌለ፣ ሌላ ጅማት ሲበጠስ ቀዶ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚያስቡት እርሱን ቆርጦ መተካት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካዊው ሐኪም ፍራንክ ጆብ የቤዝቦል ተጫዋቹን የቶሚ ጆንን የክርን ጅማት የጠገነው በዚሁ ነበር። ወደ እኛ ስንመጣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አጨዳው በሚበረታበት ሰሞን፣ ማጭድ አንጓውን የቆረጠው ገበሬ ወደ ሆስፒታል ይመጣል። ቀዶ ሐኪሙ በቁስሉ ውስጥ ነጭ ገመድ የሚመስል ነገር ያያል። ከዚህ ጅማት ጀርባ፣ ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሚዲያን ነርቭ አለ፤ ለአውራ ጣት ሥር ጡንቻዎችና ለሦስት ጣት ተኩል ስሜት የሚሰጠው እርሱ ነው። ጅማቱ በሌለው ሰው ላይ ነርቩ ለቆዳ ይበልጥ ቅርብ ሆኖ ይገኛል፤ ጥንቃቄ የጎደለው እጅም ነርቩን ጅማት ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል። ይህ ስህተት በሕክምና ጽሑፎች ከአንድ ጊዜ በላይ ተመዝግቧል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የታካሚውን ጤነኛ እጅ ማስጨበጥና ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ የሁለቱ እጆች አንድ አለመሆን ሊኖር ስለሚችል ዋስትና ባይሆንም ይጠቅማል። አንዳንድ ጊዜም ጡንቻው ተገልብጦ ይገኛል፤ ሥጋው ከላይ መሆን ሲገባው ከታች፣ ከአንጓው አጠገብ ይሆንና ሚዲያን ነርቭን ይጫናል። እንዲህ ያለው ሰው አንጓው ላይ እብጠት አለኝ ብሎ ይመጣል፤ እጢ ነው ተብሎ ሊከፈትም ይችላል።

ሌሎቹን ጡንቻዎች ባጭሩ ላንሣ። አውራ ጣትን የሚያጥፈው ጥልቅ ጡንቻ ጋንትዘር የተባለ ተጨማሪ ራስ፣ ማለትም መነሻ፣ አለው፤ ይህም በግማሽ ያህሉ ክንድ ላይ ስለሚገኝ «ተጨማሪ» መባሉ ራሱ የሚያጠያይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ሊንበርግና ኮምስቶክ የገለጹት ደግሞ የአውራ ጣትን አጣፊ ጅማት ከሌባ ጣት ጅማት ጋር የሚያስተሳስር ቀጭን ማያያዣ ነው። አውራ ጣትዎን ወደ ትንሿ ጣት ሥር ሲያጥፉ የሌባ ጣትዎ ጫፍ ሳያዝዙት አብሮ ከተጎነበሰ አለዎት ማለት ነው፤ ከሦስት ሰዎች በአንዱ ገደማ ቢያንስ በአንድ እጅ ይገኛል። በገና ወይም ክራር የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነበር ብዬ አስባለሁ። ጣቱን ለይቶ ማንቀሳቀስ ያቃተው ተማሪ ሁሉ ሰነፍ አይደለም።

የደም ቅዳዎቹ ልዩነት ከጡንቻዎቹ ይከብዳል፤ እዚህ ላይ ስህተት ጣት ያስቆርጣልና። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት በሜጫ የቆጋ መስኖ ውኃ መጀመሪያ ወደ አዲስ ማሳ ሲለቀቅ የሚሆነውን ማስታወስ ይቻላል። ውኃው በአንድ ጊዜ በብዙ ቀጫጭን ፈሳሾች ይበተናል፤ ዘልቆ የሚፈስበት እየሰፋ ቦይ ይሆናል፤ የቀረው ደለል ሞልቶት ይደርቃል። ጽንሱ ውስጥ ክንድ ሲያቆጠቁጥም ደሙ የሚሄደው እንደ መረብ በተጠላለፉ ጥቃቅን ደም ስሮች ነው፤ ከመካከላቸው አንድ መሃለኛ ደም ቅዳ ቀድሞ ይጎላል። ከዚያ ሚዲያን የተባለው ደም ቅዳ ለጊዜው መዳፉን ይመግባል። ራዲያልና አልናር ሲጠነክሩ፣ በስምንተኛው ሳምንት ገደማ፣ ሚዲያን ይከስማል። መድረቅ የነበረበት ቦይ ሳይደርቅ ከቀረ፣ ወይም መስፋት የነበረበት ሳይሰፋ ሌላው ተክቶት ከሰፋ፣ ሕፃኑ መጽሐፉ ያልሳለው ክንድ ይዞ ይወለዳል።

ከእነዚህ በብዛት ከሚታዩት አንዱ የራዲያል ደም ቅዳ ከክርን በታች መነሣቱ ቀርቶ ከላይኛው ክንድ፣ አንዳንዴም ከብብት አጠገብ መነሣቱ ነው። በአስከሬን ላይ በተሠሩ ጥናቶች ከ100 ክንዶች በ14ቱ ገደማ ይገኛል። ይህ ለብዙ ዘመን የተማሪ ጥያቄ ብቻ ሆኖ ኖሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ካናዳዊው ሉሲየን ካምፖ የልብን ደም ስሮች ከአንጓ በራዲያል በኩል በገባ ቀጭን ቱቦ መመርመር እንደሚቻል ካሳየ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከላይ የሚነሣ ራዲያል አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን ነው፤ አንዳንዱም ክርን አካባቢ እንደ ቀለበት ይጠመዘዛል። ቱቦው እዚያ ይያዛል፣ ደም ስሩ ይኮማተራል፣ ታካሚው በሕመም ይጮኻል። ለኩላሊት እጥበት ከአንጓው በላይ ራዲያልን ከደም መልስ (ደምን ወደ ልብ ከሚመልሰው ደም ስር) ጋር የሚያገናኘው ቀዶ ሕክምናም በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1966 ከተገለጸ ወዲህ በመላው ዓለም የተለመደ ሲሆን፣ ውጤቱ የተመካው በዚያ ደም ቅዳ ስፋት ላይ ነው።

ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ይበልጥ የሚያስፈራው አልናር ደም ቅዳ ከጡንቻዎቹ በላይ ሆኖ፣ ከቆዳው ሥር ብቻ ተሸፍኖ ሲወርድ ነው። ከ100 ክንዶች በጥቂቶቹ ይታያል። ክርን መታጠፊያ ላይ ደም መልስ የሚመስል፣ ለመርፌ የሚመች፣ ደልደል ያለ ሥር ሆኖ ይቀርባል። ነርሱ ክንዱን በላስቲክ አስሮ ይወጋዋል፤ በደም መልስ ሊሄድ የታሰበው መድኃኒት በደም ቅዳ ወደ ጣቶች ይወርዳል። መድኃኒቱ እንደ ቲዮፔንታል ያለ ሰመመን መስጫ ከሆነ የጣቶች ቃጠሎ፣ መንጣት፣ በመጨረሻም መጥቆርና መበስበስ ሊከተል ይችላል። መከላከያው የጣት ጫፍ ነው፦ ላስቲኩ ከመታሰሩ በፊት ሊወጋ የታሰበውን ሥር መዳሰስ። ላስቲኩ ከጠበቀ በኋላ ትርታው ሊጠፋ ስለሚችል ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የሚዘል ከሆነ አይነካም። ከተወጋ በኋላ ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ እየገፋ ወደ ግሉኮሱ ቱቦ ወደ ላይ ከወጣ፣ ታካሚውም ጣቶቼ ተቃጠሉ ካለ፣ ምንም መድኃኒት ሳይጨመር ማቆምና ሐኪም መጥራት ይገባል። በገጠር ጤና ጣቢያ በሌሊት፣ በደከመ መብራት የሚሠራ ሰው ይህን ልማድ ካደረገ ለብዙ ሰው ጣት ይተርፋል።

መዳፍ ውስጥ የሚገናኙት ሁለቱ ደም ቅዳዎችም በሁሉም ሰው በሚገባ አይገናኙም። ኤድጋር አለን እ.ኤ.አ. በ1929 የገለጸው፣ በኋላም የተሻሻለው ፍተሻ ይህን ለማየት ይረዳል፤ ታካሚው ጡጫውን አጥብቆ ይጨብጣል፣ መርማሪው ሁለቱንም ደም ቅዳዎች አንጓው ላይ ይጫናል፣ ጡጫው ሲፈታ መዳፉ ገርጥቶ ይታያል፣ ከዚያም የአልናር ብቻ ይለቀቃል። መዳፉ በጥቂት ሰኮንዶች ካልቀላ ራዲያልን መውጋት ወይም መቁረጥ ደግሞ ማሰብን ይጠይቃል። ፍተሻው ፍጹም አይደለም፤ ነገር ግን ዋጋው ሁለት አውራ ጣት ነው።

አሁን በየመድረኩ ወደሚነሣው ወሬ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 የአውስትራሊያዎቹ የፍሊንደርስና የአደላይድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጆርናል ኦፍ አናቶሚ አንድ ጥናት አወጡ። በ2015 እና በ2016 ከሞቱ፣ ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 101 ዓመት ከነበረ ሰዎች የተገኙ 78 ክንዶችን መረመሩ፤ በ26ቱ፣ ማለትም በሲሶው፣ መክሰም የነበረበትን ሚዲያን ደም ቅዳ አገኙ። ከቀደሙ ጥናቶች ጋር ሲያስተያዩትም በ1880ዎቹ አጋማሽ በተወለዱ ሰዎች 10 በመቶ ገደማ የነበረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወደ 30 በመቶ አድጓል አሉ። ዜናው «የሰው ልጅ እየተለወጠ ነው፣ ሦስተኛ ደም ስር እያበቀለ ነው» በሚል ርዕስ ዓለምን ዞረ፤ በአማርኛም ተደጋግሞ ተነበበ።

እኔ ይህን ርዕስ በጥርጣሬ ነው የማነበው። 78 ክንድ ጥቂት ነው፣ የመጣውም ከአንድ አገር ነው። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ሚዲያን ደም ቅዳ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው፤ አንዱ አጭርና ቀጭን ሆኖ ክንድ ላይ የሚቀር፣ ሌላው እስከ መዳፍ ደርሶ ጣቶችን የሚመግብ። የመጀመሪያውን የቆጠረና ያልቆጠረ አጥኚ ፍጹም የተራራቀ ቁጥር ያወጣሉ፤ የድሮ አጥኚዎች ሁሉ በአንድ መለኪያ ስለመቁጠራቸው ዋስትና የለም። ጭማሪው እውነት ቢሆን እንኳ በአራት በአምስት ትውልድ ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ በተፈጥሯዊ ምርጫ ብቻ እንዲመጣ፣ ደም ቅዳው ያላቸው ሰዎች ከሌላቸው እጅግ ብዙ ልጅ መውለድ ነበረባቸው። አንድ ትርፍ ደም ስር ክንድ ላይ ስላለ የወላድነት ብልጫ ይገኛል ብዬ አላምንም። አጥኚዎቹ ራሳቸውም የዘረመል ለውጥን ወይም በእርግዝና ወቅት የእናቶች የጤና ችግርን እንደ መንሥኤ አንሥተዋል፤ ይህ ግን በዜናው ርዕስ ላይ አልታየም።

ርዕሱ የዘለለው ሌላም ነገር አለ። ይህ ደም ቅዳ ከሚዲያን ነርቭ ጋር ሆኖ በአንጓው ጠባብ መተላለፊያ ያልፋል። መተላለፊያው በጅማቶች የታጨቀ ስለሆነ ተጨማሪ እንግዳ አይችልም። ሌሊት እጄ ይደነዝዛል፣ አውራ ጣቴን፣ ሌባ ጣቴንና መሃል ጣቴን ይነዝረኛል፣ አራግፌው ነው የሚሻለኝ የምትል ሴት በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ብርድ ነው ተብላ በቅቤ ትታሻለች። በአብዛኛው ምክንያቱ የነርቩ መጫን ነው፤ ከጥቂቶቹ ጀርባ ግን ይህ ደም ቅዳ ይገኛል፤ በውስጡ ደም ከረጋ ደግሞ ሕመሙ በድንገት ይበረታል። መተላለፊያውን ለማስፋት የሚከፍተው ሐኪም መኖሩን አስቀድሞ ካላወቀ ሊቆርጠው ይችላል። በአልትራሳውንድ መታየቱ ትልቅ ዕድል ነው።

በእኛ አካባቢ ስጋቱ ከፍ ይላል ያልኩት ለዚህ ነው። ሥዕሉ ከሌላ አገር ክንዶች የተወሰደ ሲሆን፣ የራሳችንን የምናይበት ዕድል ጠባብ ነው። በአገራችን ለትምህርት የሚውለው አስከሬን በአብዛኛው ጠያቂ ዘመድ ያልተገኘለት ሰው ነው፤ በጎጃም እድርተኛ ተሰብስቦ፣ ፍትሐት ተደርጎለት፣ በዕለቱ ወይም በማግስቱ የሚቀበር ሰው ገላውን ለተማሪ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ የሕዝቡን ልማድ አለማወቅ ነው፤ እኔም ልማዱን የምወቅስበት አንደበት የለኝም። ስለዚህ ብዙ ተማሪዎች በአንድ ገላ ዙሪያ ይቆማሉ፣ የቀረውን ከፕላስቲክ ሞዴልና ከኮምፒውተር ይሞላሉ። ፕላስቲኩ ሁልጊዜ ከመጽሐፉ ጋር ይስማማል፤ ከአንድ ቅርጽ የወጣ ነውና። መፍትሔው አስከሬን እስኪበዛ መጠበቅ አይመስለኝም። የፓልማሪስ፣ የሊንበርግና የአለን ፍተሻዎች ሕያው ክንድ ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ለእርግዝና ምርመራ የሚያገለግለው ዓይነት አልትራሳውንድም ለቆዳ ቅርብ አካል የሚሆን እጀታ ከተገጠመለት ሚዲያን ደም ቅዳን ያሳያል። ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ ያለውን ቁጥር ራሳችን ልንቆጥረው እንችላለን፤ የሚጎድለው ያዩትን የመጻፍ ልማድ ነው።

ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ለትንሣኤ ወደየቤታቸው ሲሄዱ የቤተሰባቸውን ክንድ አይተው እንዲመዘግቡ አዘዝኳቸው። አንዷ ከሞጣ አንድ ገጽ የደብተር ወረቀት ይዛ መጣች። «እናቴ፦ ቀኝ አለ፣ ግራ የለም። እህቴ፦ ሁለቱም አለ፤ አውራ ጣቷን ስታጥፍ ሌባ ጣቷ ይከተላል። አያቴ፦ ትርታቸው በሁለቱም እጅ በቦታው ነው፤ ጅማቱን ግን ጠንቋይ ሆንሽ ወይ ብለው አላሳዩኝም።» የአባቷን መጀመሪያ «የለም» ብላ ጽፋ ሰርዛዋለች፤ ከሥሩ በሌላ ቀለም እንዲህ ይላል፦ «በዓይን አይታይም፤ አንጓቸው ወፍራም ነው። አጥብቄ ስዳስስ ግን አገኘሁት።»